ሣጥኑ ሞልቷል፦ የነጻ ቦታ አጭር ታሪክ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ጎግል ጂሜይል የሚባል የኢሜይል አገልግሎት መጀመሩን ሲያስታውቅ ብዙ ሰው አላመነም። ቀኑ የቀልድ ቀን ነው። የተነገረው ቁጥርም ቀልድ ይመስል ነበር፦ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ 1 ጊጋባይት ቦታ፣ በነጻ። በዚያ ሰሞን ሆትሜይል በነጻ የሚሰጠው 2 ሜጋባይት፣ ያሁ ደግሞ 4 ሜጋባይት ነበር። በአንድ ሰፈር አንዱ ባለሱቅ ዘይት በሲኒ እየለካ ሲሸጥ ጎረቤቱ በርሜል አውጥቶ «ውሰዱ» ያለ ያህል ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ቴክኖሎጂ ድል ነው። ዲስክ ረከሰ፣ ቦታ ሰፋ፣ ሰውም «ሣጥንዎ ሞልቷል» ከሚል መልእክት ተገላገለ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሲነገር አይሰማም። ያ ገደብ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቀስ ብሎ ተመልሷል፤ ሲመለስ ደግሞ ዲስክ ከቀድሞው እጅግ ረክሶ ነበር። ቦታ ረክሶ ሳለ ገደብ ከተመለሰ፣ ገደቡ መጀመሪያውኑ የቦታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በእርግጥ ቦታ ውድ የነበረበት ዘመን ነበር። አይቢኤም በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ሆኖ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የተነሳ አንድ ጥሩ ፎቶ እዚያ ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ዩኒቨርሲቲዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አንድን ኮምፒውተር ለብዙ ተማሪና መምህር ሲያጋሩ ዲስኩ በየጊዜው ይሞላ ነበር። አንዱ ያከማቸው ፋይል የሌላውን ሥራ ያስቆማል። ለዚህ መላ ካበጁት አንዱ በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮበርት ኤልዝ ነው። እሱ የሠራው የዲስክ ኮታ በ1983 በወጣው 4.2 ቢኤስዲ በሚባለው የዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ ገባ።

ኮታ የሚለውን ቃል የኢትዮጵያ ሰው ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። በደርግ ዘመን ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በመንግሥት ዋጋ የሚያስረክበው እህል ኮታ ነበር። ከተሜው በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ የሚወስደው ስኳርም ኮታ ነው። የኤልዝ ኮታ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል፤ ያለችውን ለማዳረስ የተበጀ ነው። ደግነትም ነበረው። ሁለት ገደብ አለው፦ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ጠጣር። ለስላሳውን ያለፈ ሰው ወዲያው አይከለከልም፤ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ሥራውን ይጨርስና ያጸዳል። ማስጠንቀቂያውን ደጋግሞ ችላ ካለ ለስላሳው ይጠጥርበታል። ጠጣሩን ግን ማንም አያልፍም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ገደቡን የሚያወጣው ሰው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪው ሄዶ «መመረቂያ ጽሑፌን ልጨርስ፣ ትንሽ ይጨመርልኝ» ሊለው ይችላል።

ኢሜይልም ገደቡን ከጥንቱ ይዞ ነው የመጣው። ጆን ፖስቴል በ1982 ባወጣው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ውስጥ 552 የሚል ቁጥር አለ። ትርጉሙ የተመደበው ቦታ ስላለፈ መልእክቱ አልተቀበለም ማለት ነው። ሣጥኑ የሞላበት ሰው ራሱ ምንም ላያውቅ ይችላል። የሚያውቀው ደብዳቤው የተመለሰበት ላኪ ነው።

በዚያን ጊዜ ግን የሣጥኑ መጥበብ ብዙም አያስጨንቅም ነበር፤ ምክንያቱም ሣጥኑ ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አልነበረም። ነገሩ ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፖስታ በአመዛኙ ቤት ለቤት አይዞርም። ሰው በዓመት ኪራይ ከፍሎ ሣጥን ይይዛል፣ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ደብዳቤውን ያወጣል፣ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ የሚኖረው ቤት ውስጥ በመሳቢያ ወይም በሻንጣ ነው። የጥንቱ ኢሜይልም እንዲህ ነበር። ሰው ከራሱ ኮምፒውተር ይደውላል፣ መልእክቱ ወደ እሱ ዲስክ ይወርዳል፣ ከሰርቨሩ ላይ ይጠፋል። ሣጥኑ የኩባንያው ቢሆንም ደብዳቤው የሰውየው ነበር።

ይህን የገለበጠው ሆትሜይል ነው። ሳቢር ባቲያና ጃክ ስሚዝ አገልግሎቱን የከፈቱት በ1996 በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ጁላይ 4 ነው። ቀኑ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ኢሜይል ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ የኢንተርኔት አቅራቢ ተፈታ ለማለት። ማንኛውም ሰው ከማንኛውም ኮምፒውተር በማሰሻ ገብቶ ደብዳቤውን ያነባል። በዓመት ተኩል ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ1997 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ዋጋ ገዛው። ያሁም በዚያው ዓመት የራሱን ከፈተ።

የራሱ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተር ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ኢሜይል ማለት በአመዛኙ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በሚባል ዘዴ የሚያስተላልፈው ነበር። መልእክቱ ይጠራቀምና በስልክ መስመር ተደውሎ ይላካል። እዚያ ላይ ገደቡ የዲስክ ሳይሆን የስልክ ሂሳብ ነው፤ የሚጻፈው ሁሉ በደቂቃ እየተሰላ ባሕር ይሻገራል። በ1997 ቴሌ ኢንተርኔት ሲያስገባና ኢንተርኔት ካፌዎች ሲከፈቱ፣ ሆትሜይልና ያሁ የከተማው ወጣት አድራሻ ሆኑ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ሳይቀር የያሁ አድራሻ ታትሞ ይታይ ነበር። በራስ ስም የተከፈተ የድርጅት ኢሜይል ለብዙዎች የቅንጦት ነገር ነበር።

ለውጡ ግን ዋጋ ነበረው፤ ያን ጊዜ ያስተዋለው ጥቂት ነው። ደብዳቤው ከእንግዲህ የሚኖረው ኩባንያው ዘንድ ነው። ማደሪያው መኖሪያ ሆነ፤ መጠኑ ግን የማደሪያ መጠን እንደሆነ ቀረ።

2 ሜጋባይት ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ ብዙ ነው፤ አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ይይዛል። ችግሩ ፎቶ ነው። ኢሜይል ፎቶን ወይም ሌላ ፋይልን ሲያጓጉዝ ወደ ፊደል ለውጦ ስለሆነ መጠኑን በሲሶ ገደማ ያሳድገዋል። 700 ኪሎባይት የነበረ የሠርግ ፎቶ ሲላክ ከ900 ኪሎባይት ያልፋል። ከዋሽንግተን የእህቱን ሠርግ ሁለት ፎቶ የተቀበለ ሰው ሣጥኑ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሦስተኛው ፎቶ ተመላሽ ነው። ስለዚህ በደቂቃ እየከፈለ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ማጥፋት ነበር። ፎቶውን በፍሎፒ ቀድቶ፣ ፍሎፒ ከሌለው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠፋል። የዚያ ዘመን ደብዳቤ ዛሬ በእጁ ያለው ሰው ማግኘት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ከሜጋባይቱ ይልቅ የከፋው የቀን ገደቡ ነበር። ነጻ የሆትሜይል አካውንት ለ30 ቀን ካልተከፈተ በውስጡ ያለው ደብዳቤ ይጠፋል። ካሊፎርኒያ ላለ ሰው 30 ቀን ኢሜይል አለመክፈት ማለት ተጠቃሚው ትቶት ሄዷል ማለት ነው። ኢንተርኔት ወደሌለበት ወረዳ ለተመደበ መምህር ግን አንድ ተራ ወር ነው። ለክረምት ዕረፍት አዲስ አበባ ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ሣጥን ነበር። ደንቡን ያወጣው ሰው ክፋት አላሰበም፤ መምህሩን ጨርሶ አላሰበውም እንጂ። መምህሩም እንደ ሜልበርኑ ተማሪ ሄዶ የሚያነጋግረው ሰው አልነበረውም።

ስለ አማርኛ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በየኮምፒውተሩ እስኪዳረስ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ፈጅቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ አቀማመጥ ስለነበረው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ምልክት ብቻ ያያል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው ድረ ገጾች ለዚህ ያገኙት መላ ገጹን በምስል ወይም በፒዲኤፍ መጫን ነበር። ጽሑፍ ሆኖ ጥቂት ኪሎባይት የሚበቃው የጋዜጣ ገጽ ምስል ሲሆን መቶ ኪሎባይትን ያልፋል። እንግሊዝኛ ጸሐፊ በ2 ሜጋባይት መጽሐፍ ሲያስቀምጥ አማርኛ ጸሐፊ አንድ ቀጭን መጽሔት ያስቀምጣል። (ዛሬ ነገሩ ተስተካክሏል። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው፣ በላቲን ሲጻፍ 5። ልዩነቱ የሚያስለቅስ አይደለም።)

ድረ ገጽ ካነሳን ጂኦሲቲስን መዝለል አይቻልም። በ1994 የተመሠረተው ይህ አገልግሎት ለማንም ሰው ነጻ ገጽ ይሰጥ ነበር፤ መጀመሪያ ጥቂት ሜጋባይት፣ በኋላ 15። ገጾቹ በሰፈር የተከፋፈሉ ነበሩ፤ የኮምፒውተር ወሬ ሲሊከን ቫሊ፣ የፊልም ወሬ ሆሊውድ። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ዘፋኝ አድናቂው ሁሉ ቤት ሠራበት። መልኩ ይቅርታ የማይደረግለት ነበር፤ የሚበሩ ኮከቦች፣ ዓይን የሚወጋ ቀለም። ቢሆንም ተራው ሰው በራሱ እጅ የሠራው የመጀመሪያው የኢንተርኔት ከተማ እሱ ነው። ያሁ በ1999 ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚገመት አክሲዮን ገዛው። ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

አሁን ወደ 2004። ጂሜይልን የሠራው ፖል ቡካይት ነው። ጎግል በማስታወቂያው ላይ የኩባንያው መሥራች ላሪ ፔጅ አንዲት ተጠቃሚ ያቀረበችውን ሮሮ ጠቅሶ ነበር፦ ጊዜዋ ሁሉ ደብዳቤ በመደርደርና በመፈለግ ያልቃል፣ የቀረው ደግሞ ከ4 ሜጋባይት ላለማለፍ በማጥፋት ያልቃል። የጂሜይል መልስ አታጥፊ የሚል ነበር። ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ገጹም እንደዚያው ተሠርቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጂሜይል ላይ የማጥፊያ ቁልፍ ፊት ለፊት አልነበረም፤ ማጥፋት የፈለገ ሰው ከተዘረዘሩ ትእዛዞች ውስጥ ፈልጎ ነው የሚያገኘው። ቁልፉ የወጣው በ2006 ነው።

ለምን? ቦታው የሚከፈለው በማስታወቂያ ስለሆነ ነው። ማሽን ደብዳቤውን ያነብና ከቃሉ ጋር የሚሄድ ማስታወቂያ ጎኑ ላይ ያስቀምጣል። በዚያው ወር 31 የግል መብት ተሟጋች ድርጅቶች ጎግል አገልግሎቱን እንዲያቆም በደብዳቤ ጠይቀው ነበር። ጎግል ለማስታወቂያ ብሎ ደብዳቤ ማንበቡን እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2017 ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። ጂሜይል ሲጀመር በግብዣ ብቻ ነበር የሚገባው። ግብዣው በኢቤይ ላይ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ያገኘ ሰው እንደ ትልቅ ነገር ያወራ ነበር። ምክንያቱ ግን ክብር ሳይሆን እጥረት ነው። ቡካይት በኋላ እንደተናገረው አገልግሎቱ የተነሳው ሌላ ክፍል ባልፈለጋቸው ወደ 300 በሚጠጉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነበር። ለሁሉም 1 ጊጋባይት የሚሰጥ ማሽን አልነበረም። ገደቡ አልጠፋም፤ ከሣጥኑ ወደ በሩ ተዛወረ። ጥበብ ነው መቼም፤ ወረፋን ሽልማት አስመስሎ መሸጥ ቀላል ሥራ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የሌሎቹ ምላሽ ነው። ሆትሜይል ለ8 ዓመት ያህል 2 ሜጋባይት ላይ ቆሞ ነበር። በእነዚያ 8 ዓመታት የሃርድ ዲስክ ዋጋ በመቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ወርዷል፤ በ1996 በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር የነበረው አንድ ጊጋባይት በ2004 አንድ ዶላር ገደማ ነበር። ሆትሜይል ግን ነጻውን ሣጥን ከማስፋት ይልቅ 10 ሜጋባይትን በዓመት ወደ 20 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያ ሂሳብ 1 ጊጋባይት በዓመት 2,000 ዶላር ይመጣል። ጂሜይል በመጣ በሦስት ወር ውስጥ ያሁ 100 ሜጋባይት ሰጠ፣ ሆትሜይልም 250 ሜጋባይት እንደሚሰጥ አስታወቀ። 8 ዓመት «አይቻልም» የተባለው ነገር በ90 ቀን ውስጥ 125 እጥፍ ተቻለ። ጎረቤት ካልመጣ ባለሱቁ ሲኒውን አይጥልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሽሚያ ሆነ። ጂሜይል በ2005 የልደት ቀኑ ላይ 2 ጊጋባይት አደረገ፤ በመግቢያ ገጹ ላይም ቦታው በየሰከንዱ ሲጨምር የሚያሳይ ቆጣሪ አስቀመጠ። ያሁ በ2007 ገደብ የለም አለ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ ፉክክር በመጠኑ አስቂኝ ነበር፤ በ56 ኪሎቢት የስልክ መስመር 1 ጊጋባይት ለመሙላት መስመሩ ሳይቋረጥ እንኳ ወደ 40 ሰዓት ይፈጃል። ጎተራው ሰፋ፣ መንገዱ ግን ያው የእግር መንገድ ነው።

ድረ ገጽ የሚያከራዩ የሆስቲንግ ኩባንያዎችም በዚሁ ዘመን «ያልተገደበ ቦታ» የሚለውን ቃል ወደዱት። በወር ጥቂት ዶላር፣ ቦታ የፈለጉትን ያህል። ሥራው የባንክ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ያስቀመጠ ሁሉ በአንድ ቀን መጥቶ እንደማያወጣ ባንክ ያውቃል። አንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ደንበኞች ይጫናሉ፤ አብዛኛው ከተሰጠው ቦታ እፍኝ አይጠቀምም። ቃሉን አምኖ የተጠቀመ ግን የውሉን ትንንሽ ፊደል ያገኛል። የፋይል ብዛት በመቶ ሺዎች የተወሰነ ነው፤ ቦታው ለድረ ገጽ እንጂ ለማከማቻ አይደለም፤ ከመጠን በላይ የተጠቀመ ይታገዳል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው ነው።

የአነስተኛ ድርጅቶች ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሆስቲንግ ላይ ድረ ገጹና ኢሜይሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ኮታ ነው የሚኖሩት። አብዛኞቹ ሰርቨሮች እያንዳንዱን ደብዳቤ እንደ አንድ ፋይል ይቆጥራሉ። ማንም የማያየው የድርጅቱ «ኢንፎ» የሚለው ሣጥን ለዓመታት የማይረባ ማስታወቂያ ሲጠራቀምበት ይቆይና አንድ ቀን ኮታው ይሞላል። ያን ጊዜ የሚቆመው ኢሜይሉ ብቻ አይደለም፤ ድረ ገጹም መጻፊያ ቦታ አጥቶ ይሰናከላል። ባለቤቱ ጠላፊ የገባበት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያልተጠረገ ሣጥን ነው።

ገደቡ መመለስ የጀመረው በ2010ዎቹ ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 መጨረሻ ለከፋይ ደንበኞቹ በዋንድራይቭ ላይ ያልተገደበ ቦታ ሰጠ፤ በዓመቱ አነሳው። ምክንያቱ አንዳንድ ሰዎች ከ75 ቴራባይት በላይ መጫናቸው ነው ተባለ። በጥቂቶች አሳብቦ በዚያው ውሳኔ የነጻ ተጠቃሚዎችንም ከ15 ወደ 5 ጊጋባይት አወረደ፤ 75 ቴራባይት ከጫኑት ውስጥ አንድም ነጻ ተጠቃሚ ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ሆኖ ሳለ። ፍሊከር በ2013 ለሁሉም 1 ቴራባይት ነጻ ሰጥቶ ነበር፤ በ2018 በአዲስ ባለቤት እጅ ወደ 1,000 ፎቶ ወረደ። የፍሊከር አዲስ ባለቤቶች ቢያንስ በግልጽ ተናግረዋል፦ ከማስታወቂያ ይልቅ ከደንበኛ ክፍያ መኖር ፈለግን አሉ። ከሁሉም የተሻለው ምክንያት ይኸው ነው።

ጎግል ደግሞ ነጻ ቦታውን በ2013 ለኢሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ 15 ጊጋባይት አድርጎ እዚያው ላይ ቆመ። ያ በየሰከንዱ ይጨምር የነበረ ቆጣሪ ጸጥ አለ። ፎቶ ግን በመጠኑ ከተጨመቀ አይቆጠርም ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ ሰው የስልኩን ፎቶ ሁሉ ወደዚያ ላከ። በ2020 መጨረሻ በጎግል ፎቶስ ውስጥ ከ4 ትሪሊዮን በላይ ፎቶ አለ፣ በየሳምንቱም 28 ቢሊዮን ይጨመራል ተባለ። በዚያው ማስታወቂያ ላይ ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚጫነው ሁሉ ከ15 ጊጋባይቱ እንደሚቆጠር ተነገረ። ያልተገደበ ቦታ ለተሰጣቸው ዩኒቨርሲቲዎችም በጋራ 100 ቴራባይት ሆነ። ያሁም በ2025 ከ1 ቴራባይት ወደ 20 ጊጋባይት ወረደ።

ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ አታጥፉ ተባለ። ሰው ማጥፋት ተወ፤ የት ምን እንዳለውም ረሳ። አድራሻው ከባንክ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከስልኩ ጋር ተሳሰረ። ገደቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1996 ሣጥኑ የጠበበው ሰው ሌላ ሣጥን ይከፍታል፣ የሚያጣው ሁለት ሜጋባይት ነው። በ2021 ሣጥኑ የሞላበት ሰው የሚያጣው የልጁን ሕፃንነት ነው። በወር 2 ዶላር ገደማ ከፍሎ 100 ጊጋባይት ማግኘት ይቻላል፤ ዋጋው ራሱ ፍትሐዊ ነው ሊባል ይችላል። ግን ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው የአዲስ አበባ ወይም የደሴ ነዋሪ ሁለት ዶላሩ ሁለት ዶላር አይደለም፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ማስቸገር ነው።

የቀን ገደቡም ተመለሰ። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እንደሚያጠፋ አስታውቋል። የሚሰጠው ምክንያት የደኅንነት ነው፤ የተተወ አካውንት ለጠላፊ ይመቻል። ይህ እውነት ነው። ያሁም በ2013 ለ12 ወር ያልተነኩ አድራሻዎችን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠቱ የፈጠረውን ስጋት ያየ ሰው ጎግል አድራሻውን መልሶ ለሌላ አለመስጠቱን ያመሰግናል። ቢሆንም አካውንት የሚተወው ሰው ሁሉ ግዴለሽ አይደለም። የታሰረ አለ፣ የታመመ አለ፣ ስልኩ በጦርነት ምክንያት ዝግ የሆነበት አለ። የሞተም አለ፤ ፓስወርዱን ለቤተሰቡ ሳይነግር።

ጂኦሲቲስ እንዴት እንዳለቀ እነሆ። ያሁ በኦክቶበር 26 ቀን 2009 ዘጋው። ቢያንስ 38 ሚሊዮን ገጽ ነበረበት። ጄሰን ስኮት የሚባል የታሪክ ሰብሳቢና አርካይቭ ቲም የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት እየተሻሙ የቻሉትን ገለበጡ፤ በዓመቱ ለሕዝብ የለቀቁት ቅጂ ከ600 ጊጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ከማንኛውም የኮምፒውተር ሱቅ በሚገዛ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይገባል። በቢሊዮን ዶላር የተገዛው ከተማ የጠፋው መቶ ዶላር የማይሞላ ዲስክ ታጥቶ አይደለም። የሚጠብቀው ሰው ስለጠፋ ነው።

ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያዊ ጎተራ ቴሌግራም ነው። ፎቶው፣ መጽሐፉ፣ የድምፅ ቅጂው፣ የዚህ ዓይነት ረጅም ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ነው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይጭናል፤ በጠቅላላው ግን ገደብ የለም ይባላል። ቃሉ ከ2007 ያሁ ቃል ጋር አንድ ነው። በቅንብሩ ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ ለተወሰኑ ወራት ካልገባ አካውንቱ ከነንብረቱ እንዲጠፋ የሚያደርግ መስመር አለ፤ የወራቱን ቁጥር ተጠቃሚው ራሱ መምረጥ ይችላል፤ የሚመርጠው ግን ጥቂት ነው።

ንብረቱን ማውጣት የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው። ጎግል ከ2011 ጀምሮ ቴክአውት የሚባል መውጫ ሠርቷል፤ ኢሜይሉንም ፎቶውንም ጠቅልሎ ለማውረድ ያዘጋጃል። የሞላ 15 ጊጋባይት በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር ለማውረድ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ። የተዘጋጀው ጥቅል የሚቆየው ለ7 ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መጠየቅ ነው።